መጋዙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፦ ስለ አጋዘን ለጋ ቀንድ አቆራረጥ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በእርባታ የተያዘ አውራ አጋዘን ቀንዱ ገና በማደግ ላይ ሳለ እንዴት በደህና እንደሚቆረጥለት የሚያስተምር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በአርቢዎች ዘንድ ሲዘዋወር ደረሰኝ። አጋዘን የምለው በእንግሊዝኛ ዲር የሚባለውን፣ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለውን እንስሳ ነው፤ በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራውን ጠምዛዛ ቀንድ ያለውን አይደለም። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ቀንዱ በየዓመቱ በራሱ የሚወድቅ ስለሆነ እንስሳው ሲቆረጥበት ብዙም አይሰማውም። የማስተኛ መርፌ ካገኘ በቂ ነው። የቀንዱን አካባቢ ስሜት የሚያጠፋ ማደንዘዣ የግድ ካስፈለገም አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ወግቶ ወዲያው መቁረጥ ይቻላል። ላስቲክ አጥብቆ ማሰር ደሙንም ሕመሙንም ያቆማል። ክብደት እንዲገኝ ዘግይቶና ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ይመከራል። ደግሞም ይህ ሁሉ የሚደረገው አውራዎቹ በስሪያ ወቅት እንዳይወጋጉ ስለሆነ ለራሳቸው ለእንስሶቹ ጥቅም ነው።

ጸሐፊው ሥራውን በዓይኑ ያየ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። እንስሶቹ በማለዳ ሳይሞቅ ቢሰበሰቡ፣ የሚያዙበት ቤት ጨለም ያለ ቢሆን፣ ጩኸትና ውሻ ባይኖር ይሻላል ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ጥሌ ከቀሪው ጋር ነው። ጽሑፉ ደህንነት ሲል በሐሳቡ ያለው የቆራጩና የምርቱ ደህንነት ነው። እንስሳው የሚታሰበው ከተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። ከተንቀሳቀሰ ችግር ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ስህተቶቹ በሙሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

አይሰማውም ከሚለው ልጀምር። የላምና የፍየል ቀንድ ላዩ እንደ ሰኮና ያለ ደረቅ ልባስ ነው፤ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። የአጋዘን ቀንድ ግን ሁለመናው አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቃል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ ይበቅላል። በሚያድግባቸው ወራት እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ ጸጉራም ቆዳ ይለብሳል። ከዚያ ቆዳ ሥር ደም ቅዳ ቧንቧዎች ከታች እስከ ጫፍ ተዘርግተዋል፤ ከአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ የሚነሡ ቅርንጫፎችም አብረዋቸው ይወጣሉ። በትላልቆቹ ዝርያዎች እድገቱ ሲፈጥን ቀንዱ በቀን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። በእጅ ሲነካ ይሞቃል፤ ቢጫር ይደማል። እንዲህ ያለውን ሕያው አካል ከጥፍር ጋር ማመሳሰል አይቻልም።

በራሱ የሚወድቀው ሌላው ነው። በጋው ሲያበቃ የአውራው ቴስቶስትሮን፣ ማለት የወንዴው ሆርሞን፣ ይጨምራል፤ አጥንቱ በማዕድን ይጠጥራል፤ የደሙ መንገድ ይዘጋል፤ ቆዳው ይደርቃል። አውራው ያንን ቆዳ በዛፍና በቁጥቋጦ እየፈተገ ይገፈዋል፤ ከሥሩም ነርቭም ደምም የሌለው ደረቅ ቀንድ ይወጣል። ከወራት በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ የሚወድቀው ይህ የሞተው ቀንድ ነው። ጸሐፊው የሞተው አይሰማውም የሚለውን እውነት ይዞ ለሕያው አዋለው። ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አውራዎቹን ማየት ይበቃል። ለጋ ቀንድ የተሸከሙ ሁለት አውራዎች ሲጣሉ ቀንድ ለቀንድ አይገጥሙም። በኋላ እግራቸው ቆመው በፊት እግራቸው ይደባደባሉ። ደረቅ ቀንድ ሲይዙ እስከ ሞት የሚወጋጉት እነዚሁ እንስሳት ለጋውን እንዲህ የሚጠነቀቁለት ስለሚያማቸው ነው።

ወደ ማስተኛው መርፌ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ብዙ እንስሳት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። በአጋዘን ላይ በብዛት የሚሠራበት ማስተኛ ዛይላዚን ነው። እንስሳውን ያፈዝዛል፣ ጡንቻውን ያላላል፣ ያስተኛል። ሕመምንም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ይህን ጸሐፊው ያለ ምክንያት አላነሣውም። ይሁን እንጂ ሕያው አጥንትን በመጋዝ ለመቁረጥ ይህ መጠነኛ ቅነሳ አይበቃም። ተኝቶ የማይንቀሳቀስ አጋዘን ሕመም የሌለው ሊመስል ይችላል፤ ልቡን ያዳመጠ ሰው ግን መጋዙ ሲነካው ምቱ ሲያሻቅብ ይሰማል። ከዚህ የባሰም አለ። በዛይላዚን የተኛ አጋዘን ጠንከር ባለ ሕመም ድንገት ነቅቶ ሊነሣ ይችላል፤ ያኔ መጋዝ በያዘ ሰውና ግማሹ በተቆረጠ ቀንድ መካከል የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ሥራው ሲያልቅ እንስሳው ቶሎ እንዲነሣ ዮሂምቢን ወይም ቶላዞሊን የመሰለ ማክሸፊያ ይሰጠዋል። ማክሸፊያው ዛይላዚኑን ሲያከሽፍ ዛይላዚኑ የሰጠውን ጥቂት የሕመም ማስታገስም አብሮ ይወስደዋል። ቀንዱ በቦታው ማደንዘዣ ሳያገኝ የተቆረጠ አውራ እንግዲህ የሚነቃው ከሙሉው ሕመም ጋር ነው። ጽሑፉ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥቶ ሮጠ እያለ በደስታ የሚተርከው እንስሳ ይህ ነው።

ማስተኛውን አልቃወምም። ክራሽ የሚባለው፣ እንስሳውን ቆሞ ሳለ አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያ በሌለበት ቦታ ያለ ማስተኛ መሥራት አይታሰብም። ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። አጋዘን የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ በጎኑ ተጋድሞ ከቆየ ሆዱ ይነፋል፣ ከጨጓራው የሚመለሰውም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በደረቱ አስተኝቶ አንገቱን ከፍ፣ አፉን ዝቅ አድርጎ መደገፍ ያስፈልጋል። በሙቀት ሰዓት የተኛ አጋዘን የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ያቅተዋል። ከመያዙ በፊት በሩጫ የተንገላታ ከሆነ ደግሞ ጡንቻው እየሞተ መርዙ ኩላሊቱን የሚጎዳበት ሁኔታ አለ፤ እንዲህ ያለው እንስሳ ዛሬ ደህና መስሎ ተነሥቶ ከቀናት በኋላ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ቆራጩ ያኔ እዚያ ስለማይኖር ሞቱን ከሥራው ጋር የሚያያይዘው የለም።

አሁን ወደ ማደንዘዣው። አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ተወግቶ ወዲያው ይቆረጥ የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ እጅግ አደገኛው ነው፤ ማደንዘዣ ሰጥቻለሁ የሚል ሰላም ለቆራጩ ይሰጣል፤ ለእንስሳው ግን ምንም አይሰጥም። ቀንዱ የሚበቅለው ከግንባር አጥንት ከወጣ ጉቶ ላይ ነው። ወደዚያ ጉቶ የሚወጡት ነርቮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ መንገዳቸውም ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። ሁለት ቦታ ላይ ነርቩን ፈልጎ መውጋት አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አንዷ ቅርንጫፍ ታመልጣለች። ለዚህ ነው ጉቶውን ዙሪያውን በመርፌ ከብቦ ማደንዘዝ የተሻለው ዘዴ ሆኖ የተገኘው። ነርቩ በየትም በኩል ቢወጣ ክቡን ሳያቋርጥ አያልፍም።

መጠኑም በግምት የሚተው አይደለም። በጥናት ተፈትኖ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ለጉቶው ዙሪያ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ነው። ሒሳቡን እናስላው። የጉቶው ዙሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንዱ ጎን 15 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለቱ 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ስላለ ድምሩ 600 ሚሊ ግራም ነው፤ 150 ኪሎ ለሚመዝን አውራ በኪሎ 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጸሐፊው ካዘዘው አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ጋር ያለውን ርቀት አንባቢ ይመልከት። በሌላ በኩል ሊዶኬይን ሲበዛ ልብንና አንጎልን ይመርዛል፤ ለትንሽ እንስሳ ክብደቱን ሳያውቁ መውጋትም አይገባም። ሒሳቡ በእንስሳት ሐኪም ይሠራ የሚባለው ለወግ አይደለም።

ከዚያ ይጠበቃል። 4 ወይም 5 ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ይህ ደቂቃ ጠፋ ተብሎ የሚያስቆጭ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሌላ ሥራ መምረጥ ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ያልደነዘዘ ቀንድ ላይ መጋዝ ያሳረፈ ሰው የባሰ ጊዜ ያጠፋል። ቢሆንም ወሳኙ ሰዓቱ ሳይሆን ፈተናው ነው። መጋዙ ሊቆርጥበት ካለው መስመር ላይ የለጋውን ቆዳ ጠርዝ በመጋዙ ጥርስ ጥቂት ጫር ያደርጉና እንስሳውን ያዩታል፦ ጆሮውን አንቀሳቀሰ? ራሱን ነቀነቀ? ሰውነቱን ሰበሰበ? በፊት በኩል፣ በኋላ በኩል፣ በሁለቱም ጎን ይሞከራል። በአንዱም በኩል ምላሽ ከታየ እዚያው ላይ ይጨመራል፤ እንደገና ይጠበቃል፤ እንደገና ይሞከራል። ምላሹ ካልጠፋ ደግሞ አይቆረጥም፤ አውራው ቀንዱን ይዞ ወደ መስኩ ይመለሳል። ጽሑፉ ይህን ፈተና አንድም ቦታ አለማንሣቱ ለእኔ ከስህተቶቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። በማስተኛ በደንብ የተኛ እንስሳ ምላሹን ሊደብቅ ስለሚችል ደግሞ ፈተናው በተኛ እንስሳ ላይ የበለጠ ዓይን ይጠይቃል።

መድኃኒቱ ምርቱ ውስጥ ቀሪ ይተዋል፣ ገዢም አይወደውም የሚል መከራከሪያ ጸሐፊው በጎን አስገብቷል። ጭንቀቱ ከምንም የተነሣ አይደለም፤ ለጋ ቀንድ ለምግብና ለመድኃኒትነት የሚሸጥ ስለሆነ ቀሪ መድኃኒት የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ግን መልሱ እንስሳውን ያለ ማደንዘዣ መቁረጥ ሊሆን አይችልም። ከተወጋው ቦታ በላይ፣ ከመቁረጫው መስመር በታች የሚጠብቅ ማሰሪያ መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ወደ ቀንዱ እንዳይወጣ ያግዛል። ገዢው ያንንም አልቀበልም ካለ ሽያጩ ይቅር።

በላስቲኩ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። ደም የሚያግደው ማሰሪያ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ደም ማገድ ብቻ ነው፤ ሲጠብቅ ራሱ ስለሚያም ቦታው ከደነዘዘ በኋላ ቢታሰር ይመረጣል። ከቆረጡ በኋላ ደሙ እስኪረጋ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ ይፈታል። ጽሑፉ ለደህንነት ሲባል እስከ ማግሥቱ ይቆይ ይላል። ደም ሳያገኝ ያደረ ቆዳና አጥንት ይሞታል፤ በሞተው ላይ ኢንፌክሽን ይገባል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርምም አየር የማይደርስበትን የሞተ ሥጋ ይወዳል። እንስሳው ማሰሪያው እስኪፈታለት ከመያዣው አይለቀቅም፤ መስክ ላይ የተለቀቀን አውራ ተመልሶ ይዞ ላስቲክ መፍታት ቀላል እንዳልሆነ ጸሐፊው ራሱ ሳያውቀው አይቀርም።

ሁለተኛው በከፍተኛ ግፊት ጨምቆ ነርቩን እንዲያደነዝዝ ተብሎ የተሠራው የጎማ ቀለበት ነው። ይህ በእርግጥ አለ። ኒውዚላንድ ላይ የሚሠራበት ግን ገና የመጀመሪያ ቀንዳቸውን ላበቀሉ የአንድ ዓመት ወጣት አውራዎች ነው። ቀለበቱ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚቆይበት ጊዜም የተወሰነ ነው። ጭመቃው ራሱ ያማል ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውም ላስቲክ ለማንኛውም አውራ ማደንዘዣ ይሆናል ማለት ትልቅ ዝላይ ነው።

ዝቅ አድርጎ መቁረጥ በአንድ አንቀጽ የሚዘጋ ነው። ጉቶው የራስ ቅሉ አካል ነው። የሚቀጥለው ዓመት ቀንድ የሚበቅለው ከእርሱ ነው። መጋዙ ጉቶውን ከነካ የከርሞው ቀንድ ተጣሞ ወይም ተዛብቶ ይወጣል፤ ከጉቶው የገባ ኢንፌክሽን የራስ ቅሉን አልፎ አንጎል ውስጥ መግል እስከ መቋጠር የሚደርስበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የሚቆረጠው ቀንዱ ከጉቶው ከሚጀምርበት ክብ ጠርዝ ከፍ ተብሎ ነው። የምትቀረው ቁራጭ ጠጥራ ከርሞ አዲሱ ሲገፋት ትወድቃለች። ጸሐፊው ክብደት አተርፋለሁ ሲል የከርሞውን ምርት ነው የሚጎዳው።

ዘግይቶ መቁረጥ ክብደት ይጨምራል የሚለውም ለራሱ ለነጋዴው እንኳ የማይጠቅም ሒሳብ ነው። ለጋ ቀንድ የሚፈለገው ሳይጠጥር ነው። በቀይ አጋዘን ላይ ደረቁ ቀንድ ከወደቀ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው የሚቆረጠው ለዚህ ነው፤ ዋፒቲ የሚባለው ትልቁ የሰሜን አሜሪካ አጋዘን ትንሽ ይዘገያል። ሰዓቱን ካሳለፉት ከሥሩ መጠጠር ይጀምርና ደረጃው ይወርዳል። በጣም ከፈጠኑ ደግሞ ቀንዱ እንደገና ይበቅልና እንስሳው በአንድ ወቅት ሁለቴ ይያዛል። እያንዳንዱ አውራ ቀንዱን የጣለበትን ቀን መመዝገብ የዚህ ሥራ ግማሹ ነው። ጽሑፉ ግን መንጋውን በአንድ ቀን ጨርሱ ይላል።

አሁን ለራሳቸው ጥቅም ነው ወደሚለው እንምጣ። አውራ አጋዘኖች በስሪያ ወቅት እንደሚገዳደሉ፣ ሰውንም እንደሚወጉ እውነት ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ ደረቅ ቀንድ የያዘ አውራ መተው አይቻልም። ነገር ግን ይህን አደጋ ለማስወገድ ለጋውን መቁረጥ የግድ አይደለም። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ፣ ስሪያው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ቀናት ደረቁን ቀንድ መቁረጥ ይቻላል። ነርቭ የለውም፣ አይደማም፤ የሚያስፈልገው ጥሩ አያያዝ ብቻ ነው። ብሪታንያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለጋ ቀንድ መቁረጥን ከሕክምና ምክንያት በቀር ስትከለክል የአጋዘን እርባታዋን አልዘጋችም፤ አርቢዎቹ ደረቁን ይቆርጣሉ።

ለጋው የሚቆረጠው ስለሚሸጥ ነው። በቻይናና በኮሪያ ባህላዊ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ ተፈላጊ ነው፤ በአልታይ ተራሮችም ማራል የሚባለው አጋዘን ለዚሁ ሲባል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲረባ ኖሯል። ለገበያ ነው የምቆርጠው ብሎ መናገር ነውር የለበትም፤ እንደዚያ ሲባል ቢያንስ ማን ምን እንደሚከፍል ይታያል። ስለ ፈዋሽነቱ ብዙ ይባላል፤ በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን የመረመረ በ2012 የወጣ ግምገማ ግን አብዛኛው ተስፋ በማስረጃ እንዳልተደገፈ ነው የደመደመው።

ጸሐፊው በመጨረሻ ላይ አማራጭ ብሎ ማኮላሸትን ይጠቁማል። አይሠራም። ለጋ ቀንድ ይዞ የተኮላሸ አውራ ቴስቶስትሮን ስለማያገኝ ቀንዱ አይጠጥርም፤ ቆዳውም አይገፈፍም። ለዓመታት ለጋውን እንደተሸከመ ይኖራል፤ ብርድ ሲመጣ ይቆስላል።

ኒውዚላንድ ላይ አርቢው ራሱ ይቆርጣል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ይቆርጣል፤ ግን በእንስሳት ሐኪም ሥልጠና ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ በሐኪሙ ክትትል ሥር ነው። ከላይ ካነሣሁት የወጣት አውራዎች ቀለበት በቀር ማደንዘዣውም ግዴታ ነው። ፈቃዱን ጠቅሶ ግዴታውን መዝለል አንባቢን ማሳሳት ነው።

ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው የሚያሳስበኝ ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ከቆረጡ በኋላ ያለው ነው። ሊዶኬይን የሚሠራው ለአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፤ ቁስሉ ግን ከዚያ በኋላም አለ። ሜሎክሲካምን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ አስቀድሞ ቢሰጥ ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ወቅቱ የሙቀትና የዝንብ ወቅት ስለሆነ እንስሳው አቧራና ጭቃ ወደሌለበት መስክ ይለቀቃል፤ ትል እንዳይገባበትም በየቀኑ ይታያል። መጋዙ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሳይጸዳ አይተላለፍም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ አጋዘኖችን እያመነመነ የሚገድለው፣ ፕሪዮን በተባለ የተዛባ ፕሮቲን የሚመጣው በሽታ በታመመ ዋፒቲ ለጋ ቀንድ ውስጥ መገኘቱ በ2009 ተዘግቧል፤ ፕሪዮን ደግሞ በተራ ፀረ ተባይ አይሞትም።

ሁለተኛው ሰው ነው። ዛይላዚን በሰው ላይ የልብ ምትን ያዘገያል፣ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ድንገት በተወራጨ እንስሳ አጠገብ መርፌ የያዘ እጅ ደግሞ በቀላሉ ይስታል። በረት ውስጥ ብቻን መሥራት አይገባም፤ አጠገብ ያለው ሰውም የተወጋውን መድኃኒት ስም ለሐኪም መናገር የሚችል መሆን አለበት። ለጋ ቀንድ ያለው አውራ አይዋጋም ብሎ ፊት ለፊቱ የሚቆምም ሰው ይኖራል፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የፊት እግር ለሰው ፊት የሚደርስ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፉን ለማረም ፈቃደኛ ከሆነ ሁሉን እንደገና ጻፍ አልለውም። የመጠኑን መስመርና ማሰሪያው እስከ ማግሥቱ ይቆይ የሚለውን ዛሬውኑ ያውጣቸው፤ በእነዚህ ሁለት መስመሮች የሚሠራ ሰው ነገ ጠዋት መጋዝ ሊያነሣ ይችላል። በቦታቸው ሙሉውን መጠንና የመጫር ፈተናውን ያስገባ። በቀሪው ላይ ለመከራከር ጊዜ አለን።